ሁለት ቅንድብ ያበቀለው ማስክ

ጥያቄ፦ ኮምፖዚቲንግ (የፊልም ምስሎችን በኮምፒውተር ማቀናበር) ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወር ነው፤ የምሠራው ኑክ በሚባለው ሶፍትዌር ነው። አንድ ሾት ላይ የተዋናይቷን አንድ ቅንድብ ብቻ 30 ፒክስል ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። በሮቶ (ቅርጽ መሳያው) ቅንድቡ ላይ ማስክ ሠራሁ፤ ለውጡ የትና ምን ያህል እንደሚሠራ ከ0 እስከ 1 የሚወስን ግራጫ ምስል ማለት ነው። ጠርዙን አለሰለስኩትና ትራንስፎርም ማስክድ የሚባለው ኖድ (ምስልን በማስክ ገድቦ የሚያንቀሳቅስ የሥራ ሳጥን) ላይ ሰካሁት። ማስኩ የለሰለሰበት ቦታ ላይ አሮጌውም አዲሱም ምስል አንድ ላይ ይታያል። ፌዘሩን (የጠርዙን ማለስለሻ) ስጨምር ደግሞ ባሰበት። ሱፐርቫይዘሬ አየውና «በአንድ ዓይን ላይ ሁለት ቅንድብ አበቀልክላት እንዴ?» አለኝ። ማስኩ ግማሽ በሆነበት ቦታ ምስሉ ግማሽ መንገድ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል ወንድሜ። እንዲያውም መልሱ ያለው የጥያቄህ መጨረሻ ላይ ነው፤ «ግማሽ መንገድ ብቻ እንዲሄድ» ያልከው ጋ። የሰካኸው ኖድ ግን ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ፌዘር ስትጨምርበት ከድጡ ወደ ማጡ የሆነብህም ለዚያ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ኖድ መጀመሪያ ሙሉውን ምስል 30 ፒክስል ያነሳዋል። አሁን በእጁ ሁለት ምስል አለ፤ ያልተነካው እና የተነሳው። ከዚያ ማስኩን «ከሁለቱ የቱን ላሳይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ማስኩ 1 ካለ የተነሳውን፣ 0 ካለ ያልተነካውን ያሳያል። 0.5 ካለ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ አዋጥቶ ይደርባቸዋል። 15 ፒክስል ብቻ የተነሳ ቅንድብ በዚህ መሃል የለም። ማንም አልሠራውማ! ፌዘሩን ስታሰፋው ያሰፋኸው ሁለቱ ምስሎች የሚደራረቡበትን ቦታ ነው።

ይህ አሠራር ከለር ላይ ችግር አይፈጥርም። ፊት ላይ ብርሃን ስትጨምር የነበረውና የተጨመረው ግማሽ ግማሽ ሲቀላቀሉ ግማሽ ጭማሪ ይሆናሉ። ዓይናችንም ምንም አይታዘብም። ሁላችንም ማስክን የለመድነው በከለር ስለሆነ ቦታ ማዛወር ላይም እንደዚያው ይሠራል ብለን እንጠብቃለን። ሌላ ሶፍትዌር ላይም፣ ፊውዥን ውስጥ ትራንስፎርም ላይ ማስክ ብትሰካ፣ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ኢፌክቱን በማስክ ብትገድበው፣ ውጤቱ ያው ነው። የኑክ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ ማስኩ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጥ። «የቱን ምስል?» መባሉ ይቅርና «ምን ያህል ርቀት?» ይባል።

ለዚህ ኮምፒውተሩ ምስል የሚያንቀሳቅስበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ፒክስሎችን አንስቶ ወደ አዲስ ቦታ የሚገፋ ይመስለናል። አብዛኛው ኖድ የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው። የውጤቱን ፒክስሎች አንድ በአንድ ይዞ «የዚህን ቀለም ከየት ላምጣ?» ይላል። ቅንድቡ 30 ፒክስል ከፍ ይበል ማለት እያንዳንዱ ፒክስል ቀለሙን 30 ፒክስል ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ያምጣ ማለት ነው። ማስኩ የሚገባው እዚች ጋ ነው፦

ምንጭ = ቦታ − (30 × ማስክ)

ማስኩ 1 የሆነበት ፒክስል 30 ዝቅ ብሎ ካለው ያመጣል። 0.5 የሆነበት 15 ዝቅ ብሎ ካለው፣ 0 የሆነበት ደግሞ የራሱን ይዞ ይቀመጣል። በመሃል ያለው ቆዳ እንደ ላስቲክ ይሳባል። የሚደራረብ ሁለተኛ ምስል ስለሌለ ድርብ ቅንድብ ሊኖር አይችልም።

ኑክ ላይ ይህን የሚሠራልህ ኤስቲማፕ ነው። ይህ ኖድ ሁለት ነገር ይቀበላል፤ ምስሉንና የአድራሻ ካርታውን። በካርታው ላይ ቀዩ ቻናል አግድም አድራሻ ነው፣ አረንጓዴው የቁመት። ሁለቱም ከ0 እስከ 1 ይሄዳሉ። ምንም የማያንቀሳቅስ ካርታ በኤክስፕሬሽን ኖድ (ቀመር በሚጻፍበት) ትሠራለህ። ቀዩ ላይ የፒክስሉን አግድም ቁጥር ወስደህ 0.5 ትደምርና ለምስሉ ወርድ ታካፍለዋለህ። አረንጓዴው ላይም በቁመት እንዲሁ። ያቺን 0.5 እንዳትረሳት። ፒክስል የሚነበበው ከማዕዘኑ ሳይሆን ከመሃሉ ነው። ከረሳሃት ምስሉ በሙሉ በግማሽ ፒክስል ይንሸራተታል፣ ይደበዝዛልም። ሰው «ኤስቲማፕ ምስል ያደበዝዛል» ሲል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አጠቃላዩ መንገድ እንዲህ ነው። ትራንስፎርሙን ከምስሉ ላይ ታነሳና ካርታው ላይ ትሰካዋለህ። ከዚያ የተነካውን ካርታና ያልተነካውን በኪይሚክስ (ሁለት ምስል በማስክ በሚቀላቅለው ኖድ) ታገናኛለህ፤ ማስኩ እዚያ ይገባል። የተቀላቀለው ካርታ ኤስቲማፕ ውስጥ ይገባና ምስሉን ያንቀሳቅሰዋል። «ይሄም መቀላቀል አይደል እንዴ?» ልትል ትችላለህ። ነው። ነገር ግን የሁለት ምስል አማካይ ድርብርብ ነው፤ የሁለት አድራሻ አማካይ ግን መሃል ላይ ያለ አድራሻ ነው። የተንኮሉ ቁልፍ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በዚህ መንገድ ስትሄድ የካርታውን ጠርዝ ጠብቅ። ካርታው ወደ ላይ ሲነሳ ከሥሩ ጥቁር ይገባል። ጥቁር ማለት ደግሞ አድራሻ 0 ነው። ማስክህ እስከ ፍሬሙ ዳር የሚደርስ ከሆነ እዚያ ያሉት ፒክስሎች ሁሉ ከታችኛው ማዕዘን ቀለም ያመጣሉ። መድኃኒቱ ካርታውን ከፍሬሙ ሰፋ አድርጎ መሥራት ነው።

ላንተ ሾት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። እንቅስቃሴህ ቀጥታ ወደ ላይ ነው። አረንጓዴው ቻናል ላይ ማስኩን በ30 አባዝተህ፣ ለምስሉ ቁመት አካፍለህ፣ ቀንሰው። በቃ። ጠርዙ ላይ የሚገባ ጥቁር የለም፣ ካርታውንም የሚነካው ፊልተር (አጎራባች ፒክስሎችን የሚያማክል ስሌት) የለም። እኔ ቀላል ሾት ሲመጣልኝ ሁልጊዜ የምሄደው በዚህ ነው።

አሁን ዋናው ጨዋታ ይመጣል፤ ማስኩን የት ትስለዋለህ? አንተ የሳልከው ቅንድቡ ባለበት ቦታ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ እዚያ ነው የሚስለው። ነገር ግን ቀለም የሚያመጣው የውጤቱ ፒክስል ነው ብለናል። ስለዚህ ማስኩ 1 መሆን ያለበት ቅንድቡ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። የቅንድቡ ውፍረት 20 ፒክስል ነው እንበል። ማስክህ እሱን ብቻ ሸፍኖ፣ ከላዩ ባሉት 30 ፒክስሎች ከ1 ወደ 0 ይወርዳል። ቅንድቡ ሊያርፍበት ያሰብከው ቦታ ላይ ማስኩ ከ0.7 ጀምሮ እየወረደ ነው፣ ከዚያም አልፎ 0 ነው። ውጤቱን ብታሰላው ቅንድቡ 10 ፒክስል ውፍረት ብቻ ይኖረዋል፣ ሙሉውን መንገድም አይሄድም። ሰው ይህን ሲያይ 30ውን ወደ 50 ያሳድገዋል። ቅንድቡ ይብሱን ይቀጥናል። ቁጥሩን ተወው፤ ማስኩን ወደ መድረሻው አንሳው።

ከሥር በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዓይኗ መንቀሳቀስ የለባትም። ስለዚህ ማስኩ ሽፋሽፍቱ ጋ ሳይደርስ 0 መሆን አለበት። ከሽፋሽፍቱ እስከ ቅንድቡ የታችኛው ጠርዝ 50 ፒክስል ቆዳ አለ እንበል። ቅንድቡ 30 ሲነሳ ያ ቆዳ 80 ፒክስል መሙላት ይኖርበታል። ማስኩን በእነዚህ 80 ፒክስሎች ላይ እኩል እኩል ብታወርደው ቆዳው በሁሉም ቦታ 1.6 እጥፍ ይለጠጣል። የሰው ቆዳ ላይ ይህ ያልፋል። ቅንድብ ሲነሳ የዓይን ቆብ እውነትም ይሳባልና።

አሁን ያንኑ መውረጃ ወደ 30 ፒክስል አጥብበው። ማስኩ በየፒክስሉ በሠላሳኛ ይወርዳል፣ እንቅስቃሴው 30 ነው። ሁለቱ ይጣፋሉ። 30 ፒክስሎች በሙሉ ቀለማቸውን ከአንድ ረድፍ ያመጣሉ። ወደ ታች የተጎተተ መስመር መስመር ታያለህ። 20 ላይ ብታደርሰው ይባስ ብሎ ምስሉ ይታጠፋል፤ መሃል ላይ ያለው ቆዳ ተገልብጦ ይደገማል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ከኋላ (እዚህ ከሥር) ያለው መውረጃ ከእንቅስቃሴው ርቀት መብለጥ አለበት። እኔ ቢያንስ እጥፍ ካልሆነ አልተማመንም። ከፊት በኩል፣ ማለትም ግንባሯ ላይ፣ ምስሉ ይጨመደዳል እንጂ አይታጠፍም። እዚያ ትንሽ ነፃነት አለህ።

ለዓይን የማይታይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከ1 ወደ 0 ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ፈጥኖ፣ መጨረሻው ላይ ቀስ የሚለው መውረጃ ያምራል። ሁላችንም እንወደዋለን። ግን የተለመደው ኩርባ መሃሉ ላይ ከቀጥታው 1.5 ጊዜ ይፈጥናል። በ80 ፒክስሉ ምሳሌ ላይ ቀጥታው 1.6 እጥፍ ይለጥጥ የነበረው፣ ኩርባው መሃል ላይ 2.3 እጥፍ ገደማ ይለጥጣል። የቆዳዋ ቀዳዳዎች እዚያች ጋ ብቻ ተነፋፍተው ይታያሉ። ቦታ ሲጠብህ ቀጥታው ይሻላል። ለውበት ከሆነ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ትንሽ አለስልስ።

ብለር (ማደብዘዣ) በመጨመር ማለስለስም የራሱ ወጥመድ አለው። ቀጭን ማስክ ላይ ሰፊ ብለር ካሳረፍክ መሃሉ ራሱ ከ1 ይወርዳል። 0.75 ከሆነ ቅንድቡ የሚሄደው 22.5 ፒክስል ነው። ከዚያ «30 ብዬው ለምን 30 አይሄድም?» እያልክ ትቆዝማለህ። ማስኩን ሰፋ አድርገህ ሳለው፣ መሃሉንም በፒክስል ማንበቢያው አንብበው። ከ1 የሚበልጥ ወይም ከ0 የሚያንስ ቁጥር ካለም ቁረጠው፣ አለዚያ ምስሉ ካዘዝከው በላይ ይሄዳል።

ማስኩ ከውጭ በፋይል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ እንዳይነበብ። ኤስአርጂቢ (የተለመደው የፎቶና የስክሪን የቀለም አቀማመጥ) ነው ተብሎ ከተነበበ 0.5 የነበረው ግራጫ 0.214 ገደማ ይሆናል። 15 ፒክስል መሄድ የነበረበት 6.4 ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ማስክም ካርታም ዳታ ናቸው። የከለር ልወጣው ይጥፋ።

ስለ ካርታው ቢት ጥልቀት (ቁጥሮቹ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚቀመጡ) ትንሽ ላውራ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። ኑክ ውስጡ የሚሠራው በ32 ቢት ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ስክሪፕት ውስጥ እስካለ ድረስ ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ካርታውን ፋይል አድርገህ ስታወጣው ነው። ኢኤክስአር የሚባለውን የምስል ፋይል ስታወጣ ካልነካኸው 16 ቢት ላይ ነው የሚቀመጠው። 16 ቢት ለቀለም ከበቂ በላይ ነው። ለአድራሻ ግን አይሆንም። ከ0.5 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ መቁጠር የሚችለው በ2048ኛ እየዘለለ ነው። የምስሉ ወርድ 4096 ከሆነ በቀኙ ግማሽ ላይ በሁለት ሁለት ፒክስል ይዘላል። በግራው በኩል ይሻላል። እኔ አንድ ሾት ላይ ቀኙ ብቻ ደረጃ ደረጃ ሲሠራብኝ ትራኩን (የምስሉን እንቅስቃሴ መከታተያውን) ነው የጠረጠርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ትራክ አደረግኩ። አንዲት የ32 ቢት ምርጫ ነበረች የጎደለችው። 8 ቢትማ አይነሳ፤ 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። በ1920 ወርድ ላይ በየ7.5 ፒክስሉ አንድ አድራሻ ማለት ነው።

ሾትህ ውስጥ ጭንቅላቷ ይንቀሳቀሳል ብዬ እገምታለሁ። የማይንቀሳቀስ ሾት የሚሰጥህ ሱፐርቫይዘር እስካሁን አላጋጠመኝም። ማስኩ ከፊቷ ጋር ትራክ መደረግ አለበት፣ ይህን ታውቀዋለህ። የሚረሳው አቅጣጫው ነው። ጭንቅላቷን 20 ዲግሪ ካዘነበለች «ወደ ላይ» የስክሪኑ ላይ አይደለም፣ የግንባሯ ነው። ያኔ በሰያፍ 30 ፒክስል ለመሄድ 28 ያህል በቁመቱ፣ 10 ያህል በአግድም ያስፈልጋል። አረንጓዴውን ብቻ ስትነካ የነበረው አሁን ቀዩንም መንካት አለብህ። ወደ ካሜራው ቀርባ ፊቷ 1.5 እጥፍ ቢያድግም 30ው 45 መሆን አለበት። ይህን ሁሉ በቁጥር ማባረር ከሰለቸህ ፊቷን አረጋግተህ፣ እዚያ አስተካክለህ፣ መልሰህ ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ግን ምስሉን ራሱን አረጋግተህ አትመልሰው። ሁለት ጊዜ በፊልተር ያልፋል፣ ይለሰልሳልም። ማረጋጋቱም ማስተካከሉም መመለሱም ካርታው ላይ ይደረግ፤ ምስሉ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ይነበብ።

ግሬይን (ምስሉ ላይ ያለው ጥቃቅን ቅንጣት) ደግሞ እንደ ቆዳ አይለጠጥም። 1.6 እጥፍ የተሳበ ግሬይን ከጎኑ ካለው ጋር አይመሳሰልም፣ ሾቱ ሲጫወት ያ ቦታ ይለያል። ግሬይኑን መጀመሪያ አውጣ፣ ቅንድቡን አንሳ፣ መጨረሻ ላይ መልሰው። ሞሽን ብለርን (ነገር ሲንቀሳቀስ የሚመጣውን መደብዘዝ) በተመለከተ ቅንድቡ በሾቱ ሙሉ ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ አትጨነቅ፤ ብለሩ ከፕሌቱ (በካሜራ ከተቀረጸው ምስል) ጋር አብሮ ይመጣል። በጥቂት ፍሬም ውስጥ ብድግ የሚል ከሆነ ግን ኤስቲማፕ በራሱ ብለር አይሰጥህም። የዚህንና የሚቀጥለውን ፍሬም ካርታ ልዩነት ወስደህ የእንቅስቃሴ ቬክተር መሥራት ይኖርብሃል።

ስለ ማዞር አልጠየቅከኝም፤ ነገ ግን ይመጣብሃል። ሁለት ካርታ መቀላቀል ቀጥታ እንቅስቃሴ ላይ እንከን የለውም። ማዞር ላይ ግን መሃሉ ያለው አድራሻ በክቡ ዙሪያ አይሄድም፣ አቋርጦ ነው የሚሄደው። ለ10 ዲግሪ ማንም አያየውም። ለ90 ዲግሪ ማስኩ 0.5 የሆነበት ቦታ ወደ ማዕከሉ ይጠጋና ምስሉ 1.4 እጥፍ ገደማ ያብጣል። በ180ማ ሁሉም ከማዕከሉ ከአንዲት ነጥብ ያመጣሉ። ለትልቅ ማዞር ማስኩን በዲግሪው አባዛውና አድራሻውን ከዚያ አስላው። ዲግሪው ራሱ ግማሽ ይሁን፣ አድራሻው አይደለም።

ሌላ ሶፍትዌር ላይ ብትሆንም ሐሳቡ አይለወጥም። ብሌንደር ውስጥ ዲስፕሌስ እና ማፕ ዩቪ የሚባሉ ኖዶች አሉ። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ዲስፕሌስመንት ማፕ አለ። እሱ ላይ 128 ግራጫ «አትነቃነቅ» ማለት ነው፤ ከዚያ በላይና በታች ወደ ሁለቱ አቅጣጫ ይገፋል። ኑክ ውስጥም አይዲስቶርት አለ። እሱ ሙሉ አድራሻ አይፈልግም፣ ርቀቱን ብቻ ትሰጠዋለህ። ርቀት የሚቀበል ኖድ ሁሉ ላይ መጀመሪያ በትንሽ ቁጥር ሞክረህ ወዴት እንደሚሄድ እይ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ከኖድ ኖድ ይለያያል።

ምስሉን ራሱን በትራንስፎርም ማንቀሳቀስን ግን ጨርሰህ አትጣለው። አንድ ነገር ከቦታው ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት፣ ላስቲክ መሳብ አያስፈልግም። ግድግዳው አብሮ ይጣመማል። እዚያ የሚሻለው ሰዓቱን በማስኩ ቆርጦ፣ ማስኩንና ምስሉን አብሮ አንቀሳቅሶ፣ በንጹሕ ፕሌት (ሰዓቱ በሌለበት ምስል) ላይ መደረብ ነው። ለአንድ ሾት ብቻ ከሆነ፣ ቅርጹም ውስብስብ ከሆነ፣ ምስሉን በመረብ ነጥቦች በእጅ የሚጎትተው ግሪድ ዋርፕ ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ሊፈጥን ይችላል። ሃያ ሾት ሲሆን ግን በእጅ ነጥብ መጎተቱ ያደክማል።

አሁን ወደ ሱፐርቫይዘርህ ከመመለስህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ኤስቲማፑ ላይ የገባውን ፕሌት ነቅለህ በቦታው ቼከርቦርድ (ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ያሉት ምስል) ሰካ። ካሬዎቹ ትንሽ ከሆኑ ይሻላል። ፊት ላይ የሚደበቀው ሁሉ እዚያ ላይ ይጋለጣል። የተዘረጋ ካሬ ካየህ እሺ። የጠፋ ወይም ወደ ክር የተለወጠ ካሬ ካለ ከሥር ያለውን መውረጃ አስፋው። ተራ በተራ ሲመጡ የነበሩት ጥቁርና ነጭ መሃል ላይ ወደ ኋላ ተመልሰው ከመጡ ደግሞ ታጥፏል፤ ያኔ ወይ ቦታ ፈልግ፣ ወይ ሄደህ «30 ይበዛል፣ 20 ይበቃታል» ብለህ ተከራከር። ቼከርቦርዱን አብረህ ብታሳየው አይከፋም።